የናቫሆ ሕዝብ የሥርዓት ስፌትና የትውፊቱ አጠባበቅ

በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ምዕራብ፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች ውስጥ በተዘረጋው ደረቅ አገር የሚኖሩት፣ ራሳቸውንም ዲኔ ብለው የሚጠሩት የናቫሆ ሰዎች፣ ጻኣ የሚሉት ዝርግ ስፌት አላቸው። የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ይህን ስፌት ስለ ቀለሙ ኅብርና ስለ አሠራሩ ጥራት በብዙ ገንዘብ እየገዙ በመስተዋት ሣጥን ያኖሩታል፤ ነገር ግን የክብሩ መሠረት በጸሎትና በፈውስ ሥርዓት እንጂ በገበያ ስላልሆነ፣ ታሪኩን በጥሞና የሚመረምር ሰው አንድን የእጅ ጥበብ ከመጥፋት የሚጠብቀው ከሁሉ አስቀድሞ ጥበቡን የሚሻው ሥርዓት መሆኑን ይረዳል።

የአሠራሩ ዘዴ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ሴቶች ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለሉና በወስፌ እየወጉ ሞሰብና ሰፌድ እንደሚሰፉ ሁሉ፣ የናቫሆ ሴትም ሱማክ የተባለውን ቁጥቋጦ ቀጫጭን ዘንጎች ሦስት ሦስቱን አስተባብራ፣ ከዚያው ቁጥቋጦ ተልጦ በተሰነጠቀ ቀንበጥ እየጠመጠመች፣ ከእምብርቱ ጀምራ ወደ ዳር በዙሪያው ትሰፋዋለች። በጥንቱ ልማድ ቀዩ ቀለም ከተራራ ማሆጋኒ ሥር ይወጣል፤ ጥቁሩም ከሱማክ ቅጠል፣ ከጥድ ሙጫና ከቀለማም አፈር ይቀመማል። ዳሩ የሚቋጨው እንደ ሹሩባ በተጠላለፈ ስፌት ሲሆን፣ የዚህን አጀማመር ዋሽንግተን ማቲውስ የተባለው የጦር ሠራዊት ሐኪምና የናቫሆ ሃይማኖት መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ጽሑፍ መዝግቦታል፤ በአፈ ታሪኩ መሠረት አንዲት ሴት ከጥድ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ከአማልክቱ አንዱ የጥድ ቅርንጫፍ በስፌቷ ውስጥ ጣለላት፤ እርስዋም የቅጠሉን አነባበር አይታ ያንኑ በዳሩ ላይ አስመሰለች።

በነጩ መደብ ላይ የሚዞረው ቀይ ቀለበት በውስጥም በውጭም ደረጃ ደረጃ ባለው ጥቁር ቅርጽ ታጥሯል። ዘማሪ የሚባሉት የሥርዓቱ መሪዎች ትርጓሜውን በልዩ ልዩ መንገድ ቢያስተምሩም፣ እምብርቱን የሕይወት መነሻ፣ ጥቁሩን ደመናና ተራራ፣ ቀዩን የፀሐይ ጨረር ወይም ቀስተ ደመና የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ይህን ሁሉ አቋርጣ ከመካከል ወደ ዳር የምትወጣ አንዲት ነጭ ፍኖት አለች፤ የዳሩ ስፌት መቋጫም በእርስዋ አንጻር ስለሚውል፣ ዘማሪው በሌሊት ጨለማ እንኳ ዳሩን በጣቱ ዳስሶ ፍኖቲቱን ወደ ምሥራቅ ማቅናት ይችላል።

በሠርግ ቀን በስፌቱ ውስጥ የበቆሎ ገንፎ ይቀርባል፤ በገንፎውም ላይ የበቆሎ አበባ ብናኝ በአራቱ መዓዝን አንጻር ተነስንሶ ሙሽራውና ሙሽራይቱ በአንድነት ይቀምሱታል። በሥርዓተ ፈውስ ጊዜ ደግሞ ስፌቱ ተገልብጦ ከበሮ ይሆናል፤ ለመንጻት በሚደረገው እጥበትም ዩካ የተባለው ተክል ሥር አረፋ ይያዝበታል። ሥርዓቱ ሲፈጸም ስፌቱ ለዘማሪው የድካሙ ዋጋ ሆኖ ይሰጣል፤ ዘማሪው ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ ነጋዴውም ሥርዓት ለሚያስፈጽም ለሌላ ቤተ ሰብ መልሶ ይሸጠዋል፤ እንዲህም አንዱ ስፌት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙዎችን ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ስፌቱ ቅዱስ በመሆኑ በሰፊዋ ላይ የንጽሕናና የመለየት ሕግ በዛባት፤ ሃሪ ቾፒክ የተባለው የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1938 እንዳስረዳው፣ ይህ የሕግ ብዛት ሙያው በናቫሆ ሴቶች ዘንድ እንዲመነምን ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሆኖም የሥርዓቱ ፍላጎት ስላልተቋረጠ፣ ሕጉ የማይመለከታቸው ጎረቤቶቻቸው የሳን ሁዋን ፓዩትና የዩት ሴቶች የናቫሆን ንድፍ ተቀብለው እየሰፉ ይሸጡላቸው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ከሚገኙት አሮጌ የናቫሆ ስፌቶች ብዙዎቹ የነዚህ ሕዝቦች የእጅ ሥራ ናቸው። ንድፉ በባዕድ እጅ መሰፋቱ ከናቫሆነቱ አላጎደለውም፤ ትርጉሙን የሰጠው፣ ፍኖቲቱንም ወደ ምሥራቅ ያቀናው የናቫሆ ጸሎት ነበርና።

ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሙያው እንደ ገና አበበ፤ ለዚህም በዩታ ግዛት በሞኑመንት ቫሊ አካባቢ የኖረችው ሜሪ ሆሊደይ ብላክ ታላቅ ድርሻ አላት። እርስዋ የሥርዓቱን ስፌት ጠብቃ፣ ከዚያም አልፋ የአማልክትንና የአፈ ታሪክን ሥዕል በስፌት እየገለጸች ልጆችዋን አስተማረች፤ በ1995 የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ድርጅት የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ሰጣት፤ በ2022ም ዐረፈች።

የንድፉ ዝና ከሌላ አገር የሚመጡ ርካሽ ማስመሰያዎችንም ወልዷል፤ የአሜሪካ የ1990 ሕግ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን ዕቃ የነርሱ ነው ብሎ መሸጥን በወንጀል ይቀጣል። ሕጉ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ ይህን ስፌት ለመግዛት የሚሻ ሰው የሰፊዋን ስምና ወገን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ለድካሟም ተገቢውን ዋጋ ይክፈላት፤ በጸሎት ላይ ያገለገለ ስፌት በእጁ ቢኖር ደግሞ ባለሥርዓቶቹ ሲሹት ለመመለስ የተዘጋጀ ይሁን።