ሰምና ወርቅ፣ ምጸትና የአነባበብ ልማዳችን

ስለ አማርኛ ግጥም ትርጓሜ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው ሰምና ወርቅ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች የበሰለው ትምህርት አንባቢውን «ኅብሩ የቱ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስለምዶታል። «ተማረ» የሚለው ቃል ትምህርትንም ምሕረትንም ስለሚይዝ፣ አዋቂው አንዱን ገፎ ሌላውን ያወጣል። ዶናልድ ሌቪን በ1957 ዓ.ም. «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ይህንኑ ስልት የአማራ ባህል መክፈቻ አድርጎ አቀረበው። መጽሐፉ ብዙ አስተምሮናል፤ ነገር ግን አንዱን መክፈቻ በየበሩ ሁሉ እንድንሞክር ሳይገፋፋን አልቀረም ባይ ነኝ።

ምጸት ከሰምና ወርቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተራኪ «ጌታዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሠራተኛ ሲመቱ እንኳ በግራ እጃቸው ነበር» ቢል፣ ከቃላቱ አንዱም ኅብር የለውም። ሁሉም የሚታወቀውን ትርጉም ይዘው ቆመዋል። የተለየው የተራኪው ቃና ነው፤ ተራኪው የሚያምነውና ደራሲው እንድናይ የሚፈልገው አልገጠሙም። ወርቅ ፈላጊው አንባቢ ግን «ግራ» የሚለውን ቃል ይዞ ይቆፍራል።

የቅኔ ቤቱ ልማድ ብቻውን ግን ለዚህ አላበቃንም። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው ከኮሌጅ ነው። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኮሌጅ ቀን የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ተነበበ። ርእሱ ራሱ የሚናገረው ተማሪው እንዳልሆነ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ አዳሪዎች ነበሩና፣ የሚናገረው ድሃና የሚጽፈው ተማሪ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ አይደሉም። በዚህ ርቀት ላይ ብዙ መጻፍ በተቻለ ነበር። እኛ ግን ግጥሙን ባነሣን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ፖለቲካዊ መልእክቱ ነው። መልእክቱ እውነት ነው፤ በማን አፍ እንደተነገረ አለመጠየቃችን ግን ግማሹን አስቀርቶብናል።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ዕጣም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ እርሱም በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ። «የጠፈር ባይተዋር»ን የመሰለ ግጥም ሲጽፍ የሚያቀርበው ምስል የሌላ ነገር መሸፈኛ አይደለም። ጠፈሩም ባዶነቱም እንዲታዩ የተቀመጡ ናቸው፤ ልክ በሸራ ላይ እንዳለ ቀለም። «ባይተዋሩ ማነው? የየትኛው ሥርዓት ተቃዋሚ ነው?» የሚል ጥያቄ ግጥሙን ያጠብበዋል። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በአንድ ጥራዝ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየቦታው ተበታትነው ስለኖሩ፣ አንባቢ የገጣሚውን የምስል አካሄድ አንዱን ከሌላው አስተያይቶ ለመከተል አልተመቸውም።

በአጭር ልቦለድ በኩል የታደሰ ሊበን «መስከረም» እና «ሌላው መንገድ» ለተማረው የከተማ ወጣት አዲስ ትረካ አመጡ። በነዚህ መጻሕፍት ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት አልሻም፤ የተጻፈባቸው አለ። የሚቀረኝ ቢኖር፣ ስለ ባህል ግጭታቸው የተባለውን ያህል ስለ ተራኪዎቻቸው ቃና አልተባለም የሚለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልማዱን ያጸናው ሳንሱር ይመስለኛል። መርማሪው ከቃሉ በስተጀርባ የተሸሸገ ነገር ይፈልጋል፤ አንባቢውም ያንኑ ይፈልጋል። አንዱ ሊያግድ፣ ሌላው ሊደሰት፤ አነባበባቸው ግን አንድ ነው። ረጅም ልቦለድ ቢሆንም የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እዚህ ማንሣት ግድ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ገጸ ባሕርያቱ በባለሥልጣናት መልክ ተነበቡ። ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ ዐዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም «እገሌ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ በአሥመራው ዘመቻ ሥራው ቅስቀሳ ነው፤ ማለትም የሚተርክልን ሰው ማወደስ እንጀራው የሆነ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚያወድስበት ድምፅ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደሚሻክር እስካሁን ቁጭ ብለን አላዳመጥንም።