የፈረስ መድኃኒት፦ ከኡጋሪት ጽላት እስከ ከፋ

በሶርያ የባሕር ዳርቻ፣ ራስ ሻምራ በሚባለው ጉብታ እ.ኤ.አ. በ1929 ቁፋሮ ሲጀመር ኡጋሪት የተባለች ጥንታዊ ከተማ ተገኘች። ከፍርስራሿ ከወጡት የሸክላ ጽላቶች ጥቂቶቹ የሚያወሩት ስለ ታመመ ፈረስ ነው። ዕድሜያቸው 3,200 ዓመት ገደማ ነው። መጀመሪያ የሕመሙ ምልክት ይነገራል፤ ለምሳሌ ፈረሱ ሽንት ወይም ፋንድያ እንቢ ካለው። ቀጥሎ የሚወቀጠው ይዘረዘራል፤ የቆየ የበለስ ጥፍጥፍ፣ የከረመ ዘቢብ፣ የእህል ዱቄት። ሁሉም ተደባልቆ በፈረሱ አፍንጫ ይፈስሳል።

አፍንጫው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ አፉን ከፍቶ መጋትም አስቸጋሪ ነው። ዛሬም ሆድ ቁርጠት የያዘው ፈረስ ሲመጣ ሐኪሙ ረጅም ቱቦ በአፍንጫው አሳልፎ እስከ ጨጓራው ያደርሳል። የተጠራቀመው ጋዝ የሚወጣውም፣ ማለስለሻው ዘይት የሚገባውም በዚያው ነው። ያለ ቱቦ የሚፈስስ መድኃኒት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ስለሚችል የኡጋሪቶቹን አሠራር ማንም አይድገመው። እኔ የማደንቅላቸው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ምልክቱን ሳያዩ ወደ መድኃኒቱ አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ የፈረስ ሕክምና መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት ለጦር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም ሠራዊት ያገለገለው የፈረስ ሐኪም አፕሲርቶስ ልምዱን በደብዳቤዎች አስፍሯል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባሲዶቹ ባልደራስ ኢብን አኺ ሂዛም፣ በ14ኛው ደግሞ በካይሮ የማምሉኩ ሱልጣን የአን-ናስር ሙሐመድ የፈረስ ሐኪም አቡ በክር ኢብን በድር ሰፋፊ ድርሳናት ጽፈዋል። ነገሥታቱ ለፈረስ ሐኪም ለምን ያን ያህል ቦታ እንደሰጡ እኛ አገር ማስረዳት አያሻም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው።

በ1761 ክሎድ ቡርዥላ በሊዮን የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ሙያው ወግ ያዘ። መድኃኒቱ ግን ለረጅም ጊዜ አልተሻሻለም፤ ደም ማፍሰስ፣ ሜርኩሪና አርሰኒክ ቀጠሉ። አርሰኒክ የፈረሱን ጠጉር ያሳምራል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይከፍታል ተብሎ በጠብታ ይሰጥ ነበር። የአውስትራሊያው ዝነኛ የእሽቅድምድም ፈረስ ፋር ላፕ በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ በድንገት ሞተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠጉሩ ሲመረመር ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ብዙ አርሰኒክ ወደ ሰውነቱ መግባቱ ታወቀ። ሰው ሆን ብሎ መርዞት ይሁን ማጠንከሪያው በዝቶበት ዛሬም ያከራክራል። ለእኔ የሚያሳዝነው መርዝ በማጠንከሪያ ስም ጋጣ ውስጥ መቀመጡ ራሱ ነው።

ምንም መድኃኒት የማይበግረው በሽታም አለ። በ1867–68 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ሲሰፍር ፈረሶቹንና በቅሎዎቹን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ፈጃቸው። በዚህ በሽታ የተያዘ ፈረስ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፣ በአፍንጫው አረፋ ይደፍቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። መንስኤው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ1900 ነው፤ አስተላላፊዎቹ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች መሆናቸው የተረጋገጠው ደግሞ በ1944። ዛሬም ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ ለአገራችን ፈረሶች ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ ቬተሪነሪ ኢንስቲትዩት ነው።

መድኃኒት በእውነት ታሪክ የለወጠው በሆድ ትል ላይ ነው። ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስ የተባለው ትል እጭ ከሣሩ ጋር ይዋጣል፣ ከዚያ ወደ አንጀት ደም በሚወስደው ሥር ውስጥ ይሰፍራል። ሥሩ ይቆስላል፣ ደም ይረጋበታል፣ አንጀቱ ደም አጥቶ ይሞታል። ፈረሱ ጎኑን እያየ ይንፈራገጣል፣ ያልበዋል። በ1960ዎቹ ታያቤንዳዞል ገበያ ላይ ዋለ። በ1966 የኬንታኪ ተመራማሪዎች ፈረስ ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ የትል መድኃኒት እንዲወስድ መከሩ። ከዚያ ኢቨርሜክቲን መጣ። ምንጩ ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር የለየው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት ያደረገው በሜርክ ኩባንያ የዊልያም ካምቤል ቡድን ነው። ለፈረስ መጀመሪያ በመርፌ ቀርቦ ነበር። የተወጋው ቦታ እየመረቀዘ የሞቱ ፈረሶች ስለነበሩ መርፌው ቀርቶ ምላስ ላይ የሚደረግ ልጥልጥ ተተካ።

የሜርክ ተመራማሪዎች ኢቨርሜክቲን በፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚርመሰመሱትን የኦንኮሰርካ ሰርቪካሊስ እጮች እንደሚያጠፋ አዩ። ትሉ ራሱ የሚኖረው በፈረስ አንገት ጅማት ውስጥ ነው። ሰውን በጥቁር ዝንብ ንክሻ ይዞ ዓይን የሚያጠፋው ትል የዚሁ ዘመድ ነው። ካምቤል በሰው እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ፤ ሐኪሙ መሐመድ አዚዝ በ1981 ዳካር ላይ ሙከራውን ጀመረ። በ1987 ሜርክ መድኃኒቱን ለሚያስፈልገው ሁሉ በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ። ከፋና ሸካ ውስጥ ቁመቱ እየተለካ ክኒኑን የዋጠው ገበሬ መድኃኒቱን ያገኘው ከፈረስ ቆዳ በተገኘ ፍንጭ ነው። ኦሙራና ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሆኖም በየሁለት ወሩ ሁሉንም ፈረስ ማከሙ መዘዝ አመጣ። እንዲህ በሚታከምባቸው አገሮች ትልቁ ገዳይ ትል ጠፋ ለማለት ቢቻልም፣ ትናንሾቹ የስትሮንጋይል ዝርያዎች ታያቤንዳዞልንና ቤተሰቦቹን ተላመዱ። ከ2000 ወዲህ የውርንጭላ ወስፋት ለኢቨርሜክቲን እንቢ ማለት ጀመረ። ዴንማርክ በ1999 የፈረስ የትል መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለች። እዚያ መጀመሪያ ፋንድያው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ የትሉ ዕንቁላል ይቆጠራል፣ መታከም ያለበት ተለይቶ ይታከማል።

እኛ ዘንድ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ባለቤቱ ፈረሱ ሲከሳ ከገበያ የገዛውን መድኃኒት በግምት ቢሰጠው አልፈርድበትም፤ ሐኪም ሩቅ ነው፣ ፈረሱ ሳይሠራ የዋለበት ቀን ደግሞ ገቢ የለም። ግን በግምት የተሰጠ ግማሽ መጠን ጠንካራውን ትል ለይቶ ያስቀራል። ለከብት የተሠራ መርፌ ፈረስ ላይ መውጋትም አደጋ አለው። ስለዚህ ባለ ጋሪዎችን የምለምነው መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ፈረሱን ወደ ቅርብ የእንስሳት ክሊኒክ እንድትወስዱ ነው። የክሊኒክ ባለሙያዎችም የፈረሱን ደረት በሜትር ለክታችሁ ክብደቱን ገምቱ፣ ፋንድያውን መርምሩ፣ መጠኑን ጽፋችሁ ስጡ።