የመሥመሩ ጫፍ የማን ነው? ስለ ኬብል ሞደም ምርጫ ታሪካዊ አመጣጥ

በአሜሪካ ዛሬ ለቤቱ ኢንተርኔት በኬብል የሚያስገባ ሰው ሞደሙን ከአገልግሎት ሰጪው ኩባንያ በወር ኪራይ ይወስዳል፤ አለዚያም ከገበያ ገዝቶ ያመጣል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችንም የትኛው እንደሚሻል ይጠያየቃሉ። ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ደንበኛው «እገዛለሁ» ለማለት የበቃው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀ ክርክር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. የተባለው ኩባንያ እስከ ደንበኛው ጆሮ ድረስ ያለው ዕቃ ሁሉ የራሱ እንደ ሆነ፣ ባዕድ ነገር ቢጨመርበትም አገልግሎቱ እንደሚታወክ ይናገር ነበር። ሐሽ ኤ ፎን የተባለው ዕቃ ግን ኤሌክትሪክ የማይነካው፣ የተናጋሪው ድምፅ ለሌላ እንዳይሰማ በስልኩ መናገሪያ ላይ የሚገጠም፣ እንደ ኩባያ ያለ ነገር ነበር። ኩባንያው ይህንንም ከለከለ፤ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽንም ደገፈው። በ1956 ግን የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ከዚያ በኋላ ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው ካርተርፎንን አመጣ፤ ይኸውም የስልኩ እጀታ ሲቀመጥበት ድምፁን ወደ ሬዲዮ መገናኛ የሚያሻግር መሣሪያ ነው። ኮሚሽኑ በ1968፣ መረቡን እስካልጎዳ ድረስ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ ሊያገናኝ ይችላል ሲል ወሰነ። መሣሪያዎች ጉዳት የማያደርሱ መሆናቸው ተመርምሮ የሚመዘገቡበት ደንብም በ1975 ጸደቀ። በእኔ አስተያየት የክርክሩ ትልቁ ፍሬ ይህ ደንብ ነው፤ ዕቃው የማን ነው ከማለት ይልቅ ምን ጉዳት ያደርሳል ብሎ ጠይቋልና።

የኬብሉ መረብ ያደገው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተዘረጋው በተራራ ተጋርደው የቴሌቪዥን ሞገድ በደንብ ለማይደርሳቸው ከተሞች ስለ ነበረ፣ ሥዕሉን ወደ ቤት ከማምጣት በቀር ከቤት የሚመልሰው ነገር አልነበረውም። በ1990ዎቹ መረጃ በሁለቱም አቅጣጫ ይተላለፍበት ዘንድ ሲታሰብ አምራቹ ሁሉ የየራሱን ሞደም ሠራ፤ የአንዱም ከሌላው ጋር አይግባባም። ስለዚህ ደንበኛው ኩባንያው የሰጠውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ኮሚሽኑ የኬብል መሣሪያዎች በነጻ ገበያ የሚገኙበትን መንገድ እንዲያበጅ አዘዘ። በ1997 ደግሞ ራሳቸው የኬብል ኩባንያዎቹ ዶክሲስ የተባለውን የጋራ ደረጃ አወጡ፤ ተመርምረው የምስክር ወረቀት ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሞደሞችም በ1999 ታዩ።

ገዢው በሳጥኑ ላይ የሚያነበው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ዶክሲስ 6 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ባለው በአንድ ቻናል በሴኮንድ 38 ሜጋ ቢት ያህል ያወርድ ነበር፤ ያንንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል። በ2006 የወጣው 3.0 ብዙ ቻናሎችን አጣመረ፤ 8፣ 16 ወይም 32 የሚለው ቁጥር ያንን ይነግራል። የ2013ቱ 3.1 እስከ 192 ሜጋ ኸርዝ የሚሰፋ ቻናል ፈቀደ፤ ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው ከዚህ በታች ባይወርድ ይሻላል። የምስክር ወረቀት ግን ሁሉን አይሸፍንም፤ በ2016 የኢንቴል ፑማ 6 የተባለው ቺፕ ያለባቸው ሞደሞች መልእክት እንደሚያዘገዩ የደረሱበት ተጠቃሚዎች ናቸው።

የተገዛ ሞደምም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የገዢው አይሆንም። በተከፈተ ቁጥር የፍጥነቱን ልክ ከኩባንያው ይቀበላል፤ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የሚያድሰውም ባለ ንብረቱ ሳይሆን ኩባንያው ነው። ስለሆነም ከመግዛት በፊት ኩባንያው የሚቀበላቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ማየት፣ የቤት ስልክም በዚያው ኬብል የሚመጣ ከሆነ የስልክ መሰኪያ ያለውን ዓይነት መፈለግ ግድ ነው።

የራሱን መሣሪያ ያመጣውን ደንበኛ ሳይቀር ኪራይ የሚያስከፍሉ አገልግሎት ሰጪዎች ነበሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የከለከለው በ2019 ሲሆን ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2020 ነው። ሆኖም የተከራየውን ሞደም የሚመልስ ሰው የመመለሻውን ደረሰኝ ቢያስቀምጥ አይጎዳም።