ከምረቃው በኋላ፦ የገጠር መንገዶቻችን ታሪክና የተረሳው አካፋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሚኒሶታ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌያችን የሚገባው የጠጠር መንገድ አስፋልት እንዲሆን አቤቱታ ማዘጋጀትና ገንዘብ ማዋጣት ነው። የመንገድ መሐንዲስ በመሆኔ አስተያየቴን ስጠየቅ፣ "አስፋልቱ ይቆየንና በሚዋጣው ገንዘብ መጀመሪያ ቦይ የሚጠርጉ ሰዎች እንቅጠር" አልሁ። ከታላላቆቻችን አንዱ ብድግ ብለው "አንተ በአስፋልት እየነዳህ ለወገንህ ጠጠር ትመኛለህ?" ሲሉኝ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያን ዕለት በወጉ አልመለስሁላቸውም። ጥያቄያቸው ግን የሚናቅ አይደለምና ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ይሁንልኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የመንገድ ታሪካችን ሲነሳ ብዙዎቻችን ከጣሊያን እንጀምራለን። የጋይንት ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። አፄ ቴዎድሮስ በ1867 መጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ መንገድ አልነበረም። መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። በጋይንት፣ በዘቢጥ ዳገት፣ በዋድላ አልፈው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል እየናዱ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ወደ ስድስት ወር ገደማ ተጓዙ። የሚያሳዝነው፣ የናፒየር ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ገደሉን የወረደውና የወጣው እሳቸው በጠረጉት መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚጠብቅ አልተገኘም። ለአንድ ዘመቻ የተሠራ ነበርና ዘመቻው ሲያልቅ ለጎርፍና ለቁጥቋጦ ተተወ።

ይህ ነገር በታሪካችን ደጋግሞ የሚመጣ ነው። አፄ ምኒልክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫም "የሰርኪስ ባቡር" ተብሎ እስከ ዛሬ በአፈ ታሪክ ይነሳል። ማሽኑ ሲታወስ ይኖራል፤ መንገዱን በየክረምቱ ማን ይጠግነው እንደነበር ግን የሚያስታውስ የለም።

ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 በአገራችን ላይ የፈጸመው ግፍ የሚረሳ አይደለም። መንገዱንም የሠራው ለጦሩና ለቅኝ ግዛት ዓላማው ነው። በባለሙያ ዓይን ሳየው ግን አንድ ትምህርት አገኝበታለሁ። በጣርማ በር ተራራውን ፈልፍሎ ከማለፍ የበለጠ የሚያስገርመኝ፣ በየመንገዱ ዳር ለጠጋኞች ቤት መሥራቱ ነው። መንገድ ያለ ቋሚ ጠባቂ እንደማይኖር ከአገሩ ያውቀዋል። ጣሊያን ሲወጣ ጠባቂውም አብሮ ወጣ። በአሥር ዓመት ውስጥም መንገዱ ክፉኛ ተጎዳ። በ1950 ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና ከዓለም ባንክ ስትበደር፣ 5 ሚሊዮን ዶላሩ የተወሰደው በአብዛኛው ያንኑ የፈረሰ መንገድ ለማደስና ለመጠገን ነበር። ሕዝቡ ባጭሩ "አውራ ጎዳና" የሚለው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ1951 የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ አነጋገር ከባንኩ የተበደርነው ገንዘብ በአመዛኙ የአካፋ ዕዳ ነበር!

በዚያ ጊዜ በአገሪቱ የነበረው መንገድ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ነው። በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ አስፋልት የለበሰው 3,708 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን 12,162 ኪሎ ሜትሩ ጠጠር፣ 10,680 ኪሎ ሜትሩ የገጠር መንገድ ነው። ከመቶው 86 ያህሉ አስፋልት አልነበረም ማለት ነው። ከነዳጅ ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ የሚሰበስበው የመንገድ ፈንድም በዚያው ዓመት በአዋጅ ተቋቋመ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት በተጀመረው ፕሮግራም ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተሠርቶ የአገሪቱ መንገድ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማጣጣል ነውር ነው። ነገር ግን የገጠሩ ሰው ዛሬም የሚኖረው በአብዛኛው በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ጠጠሩን ማን ይጠብቀው?" የሚል መሆን ነበረበት።

ጠጠር መንገድ ምንድን ነው? ለገጠር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፦ ጎጆ ማለት ነው። መሐሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ በእያንዳንዱ ሜትር ከአራት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃው እንደ ጣሪያ ወርዶ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከቦዩ በቱቦ ተሻግሮ ይሄዳል። የሣር ክዳን እንደሚሳሳ ሁሉ ገረጋንቲውም መኪና በበዛበት በዓመት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በአቧራና በጎርፍ ይጠፋል። ወቅቱን ጠብቆ ካልተተካና ግሬደር ካልገባበት በስድስት ሰባት ዓመት ውስጥ መኪናው የሚነዳው በታችኛው አፈር ላይ ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነማ በክረምት ሰውም መኪናም ይውጣል። ጎጆው አፈሰሰ ብሎ ሣሩን የሚረግም ገበሬ አላየሁም። የሚወቀሰው ሳይከድን ክረምት የገባበት ባለቤቱ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። የልጅነት መንገዴ ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በ1970ዎቹ ጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጨረሱት፣ አገሬው "የቻይና መንገድ" የሚለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ ነው። ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ ተገቢም ነው። ከእርሱ የሚገነጠለው የእኛ ቀበሌ መንገድ ግን የተሠራው እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲመረቅ ሠንጋ ታርዶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ እልልታው በስልክ ተሰምቶኝ አልቅሻለሁ። ለድግሱ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ እኔ ነበርሁ።

በሦስተኛው ክረምት የአክስቴ ልጅ ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን ቀበሌው ሳይደርስ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መንገዱ ለሁለት ተቆርጧል። ቱቦውን ደለልና ቅርንጫፍ ደፍኖት ውሃው በላዩ ሄዶ ገደል አድርጎታል። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ጎርፉ እስኪጎድል ጠብቀው፣ ከማዶ ለቆመው መኪና አስረከቧት። እሷ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

በኋላ የቱቦውን ፎቶግራፍ ላኩልኝ። ደጋግሜ አየሁት። ሁለት ሰው በአካፋ በግማሽ ቀን የሚጠርገው ነገር ነው። የጠራጊ ደመወዝ በማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ለምረቃው ገንዘብ ስንጠየቅ ለአካፋ የጠየቀን የለም፤ መሐንዲሱ እኔም አላነሳሁትም። ስለዚህ ማንንም ከመውቀሴ በፊት ራሴን እወቅሳለሁ።

አሁን ወደ ታላቄ ጥያቄ ልመለስ። በመጀመሪያ፣ እዚህ አገር ሁሉም መንገድ አስፋልት ነው ማለት ስህተት ነው። ከአሜሪካ መንገዶች ሲሶ ያህሉ አስፋልት የላቸውም። ከከተማ ወጣ ብሎ የእርሻ ቀዬ የጎበኘ ሁሉ ያየዋል። ልዩነቱ ከዝናብ በኋላ ግሬደር መምጣቱ ነው። ከዚያም አልፎ በ2010 አካባቢ በሚሺጋን፣ በሰሜንና በደቡብ ዳኮታ አንዳንድ የአካባቢ አስተዳደሮች ለጥገናው ገንዘብ ሲያጥራቸው የተሰባበረውን አስፋልት ፈጭተው ወደ ጠጠር መልሰውታል። የተቦረቦረ አስፋልት ከተጠበቀ ጠጠር የባሰ ነው። ጠጠር በግሬደር ይስተካከላል፤ አስፋልት ግን ውሃ አንዴ ከሥሩ ከገባ ማዳኑ ውድ ነው። በባለሙያዎች የተለመደ ግምትም በቀን ከ200 እስከ 300 ተሽከርካሪ የማያልፍበት መንገድ አስፋልት ቢለብስ ወጪውን ለመመለስ ይቸገራል። በቀን አሥር መኪና ለማያልፍበት ቀበሌ አስፋልት መጠየቅ፣ ያው የማይጠረግ ቱቦ በላዩ ጥቁር ልብስ እንዲደረብለት መጠየቅ ነው።

ይሁንና ታላቄ የተናገሩት እውነትም አለበት፤ አልሸሸውም። ከጠጠር ጋር መኖር አቧራ መብላት ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር ሊጡ ይቆሽሻል፤ ከመንገድ ዳር ያለው ጤፍ ይነጣል፤ የሕፃናት ዓይን ይቀላል፤ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግንብ ያዞራሉ። "ጠጠር ይበቃችኋል" ብሎ ከሩቅ መፍረድ ንቀት ነው። መኪና የሚበዛባቸው የገበያ ከተሞች መሐል ለመሐልና ቁልቁለት የበዛበት ቦታ አስፋልት ይገባቸዋል። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። የማይጠርግ እጅ አስፋልትም አይጠብቅም።

ስለዚህ ለወገኖቼ ያለኝ ሐሳብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ሜትር አንድ የቀበሌው ሰው ዶማ፣ አካፋና ጋሪ ተሰጥቶት፣ የወር ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ቦዩንና ቱቦውን ክረምት ሳይገባ ይጥረግ። ሥራው ቢበዛ ከአካባቢው ወጣቶችና ሴቶች ይጨመርለት። ገንዘቡን በየወሩ ከየቤታችን እናዋጣ። ሪባን የለውም፤ ስማችን አይጻፍበትም፤ ቪዲዮም አይነሳም። ምናልባት እስከ ዛሬ ያልተደረገው ለዚህ ይሆናል።

አባቶቻችን "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ይላሉ። ቱቦው በእርጥቡ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በቀጣዩ ስብሰባችን ያንን ፎቶግራፍ ይዤ እመጣለሁ፤ ታላቄም ካዩት በኋላ ደግመው ይጠይቁኝ።

ቸር ያሰንብተን።