የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እና የነዋሪው አስተያየት፦ በፎገራ ሜዳ ምሳሌነት

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አንድ የልማት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመሬት፣ በውኃ፣ በአየር፣ በእንስሳትና በዕፅዋት እንዲሁም በሰው ኑሮ ላይ ሊያስከትል የሚችለው በጎም ሆነ መጥፎ ውጤት የሚጠናበትና የሚመረመርበት ሕጋዊ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። መሠረቱ ግን ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሊጀመር አይችልም። ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ባለፕሮጀክት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ጥናቱን የሚያስጠናውና ወጪውን የሚሸፍነው ባለፕሮጀክቱ ራሱ ነው፤ መርምሮ የሚያጸድቀው ወይም የሚከለክለው ግን መንግሥት ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አጥኚው በባለፕሮጀክቱ የተቀጠረ ስለሆነ፣ ጥናቱ የዘለለውን ጉዳይ መርማሪው እንዲያየው የሚያደርገው በአብዛኛው ቦታውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነዋሪ ነው።

በደቡብ ጎንደር ዞን ከወረታ ከተማ ዙሪያ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሜዳው በርብና በጉማራ ወንዞች መካከልና ዳርቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተሞከረው ሩዝ በዚህ ውኃማ መሬት ተስማምቶ፣ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛምቷል። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ሩዙ ሲሰበሰብ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ውኃ በሞተር የሚስብ ገበሬም ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። በሐይቁ ዳር ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬትም አለ።

በርብ ወንዝ ላይ የተገነባው ግድብ ወደ 73 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና እስከ 20,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ የታሰበ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በበጋ ውኃ ይገኛል፣ የክረምቱ ጎርፍም ይበርዳል። ነገር ግን ያው ጎርፍ ደለል የሚያመጣ፣ ሸሸርና ወላላ የተባሉትን ረግረጋማ ቦታዎች የሚሞላ፣ ለፎገራ የከብት ዝርያም የበጋ ሣር የሚያበቅል ነው። ላቤኦባርበስ በተባለው ወገን ከሚመደቡት የጣና ዓሦች የተወሰኑት በክረምት ርብንና ጉማራን ሽቅብ ወጥተው በጠጠራማ ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ከእነዚህ ዓሦች አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ስለዚህ ውኃ የሚገድብ ሥራ ሲገመገም ምን ያህል ውኃ በምን ወር ወደ ታች ይለቀቃል የሚለው ጥያቄ ከግድቡ ጥንካሬ ባልተናነሰ መመርመር አለበት። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡም ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል።

በአዋጁ መሠረት የጥናቱ ሰነድ የሚለቀቀውን በካይ ነገር ዓይነትና መጠን፣ የጉዳቱን ባሕርይና የሚቆይበትን ጊዜ፣ ጉዳቱን መቀነሻ እርምጃዎችን፣ አደጋ ቢደርስ የሚወሰደውን እርምጃ እና የክትትሉን ሥርዓት መያዝ አለበት። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ የሕዝቡ፣ በተለይም ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየትም በጥናቱና በምርመራው ውስጥ መካተት አለበት። መሥሪያ ቤቱ አስተያየቶችን መዝኖ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ አፈጻጸም ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ ሥራ፣ እንዲሁም ከአንድ ክልል በላይ ተፅዕኖ ያለው ሥራ በፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይመረመራል፤ ሌላው በክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይታያል።

ፈቃድ የሚሸፍነው የተመረመረውን ነገር ብቻ ነው። ጥናቱ ከቀረበ በኋላ ያልታሰበ ከባድ ጉዳይ ከተገኘ፣ መሥሪያ ቤቱ ግምገማው በከፊል ወይም በሙሉ እንዲከለስ ወይም እንደገና እንዲሠራ ሊያዝ ይችላል። ፈቃድ ማግኘትም ባለፕሮጀክቱን ላደረሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያድነውም።

የዚህ መርሕ ጥብቅ ምሳሌ የሚገኘው በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ለዓመታት በፈቃድ የሠራ ማመንጫ እንኳ አዲስ የነዳጅ ቁስ መሞከር ቢፈልግ፣ ቀድሞ የተመረመረው አሮጌው ነዳጅ ስለሆነ ለውጡ ለብቻው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ከልክ በላይ የጋለው የዚርኮኒየም የነዳጅ ሽፋን ከእንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን አመነጨ፤ ፍንዳታም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሙቀት የሚችሉ ሽፋኖች እየተሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በሚገኘው ሃች ማመንጫ የተጀመረው ሙከራም በጥቂት የነዳጅ እስሮች የተወሰነ ነበር። በእንዲህ ያለ ምርመራ የሚነሡት ጥያቄዎች ለፎገራ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም፦ ወደ አየርና ወደ ውኃ የሚለቀቀው ይጨምራል ወይ? ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል? አደጋ ቢደርስ ማን ምን ያደርጋል? ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ስለተፈራረመች፣ ጉዳዩ የሌላ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በተሰጠ ፈቃድ፣ በክትትሉ ወይም በሌላ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማቅረብ ይችላል፤ ኃላፊው አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ሰው የካሳ ጥያቄ ግን የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በተዘረጋው ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ማቅረብ ጉዳዩን ስለሚያዘገይ ለየብቻ መጻፍ ይመረጣል።

አቤቱታው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሥራውን ስም፣ ቀበሌውንና የወንዙን ወይም የቦይውን ቦታ፣ የታየውን ለውጥና የታየበትን ቀን፣ እንዲሁም የሚጠየቀውን እርምጃ ይግለጽ። ፎቶግራፍ ወይም በጎረቤቶች የተፈረመ ምስክርነት ካለ ይያያዝ። አቅራቢው የገቢ መዝገብ ቁጥር ተቀብሎ ቅጂውን በእጁ ማስቀረት አለበት፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነው።