ጥቁር ቸኮሌት ሲገዙ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ባሉ ሱፐርማርኬቶችና ሱቆች የሚሸጠው ጥቁር ቸኮሌት በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። ካካዎ እንደ ቡና የአገራችን ምርት አይደለም፤ ከዓለም አቅርቦት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። በመሆኑም ሸማቹ ስለ ምርቱ ሊያውቅ የሚችለው በዋናነት ከማሸጊያው ጽሑፍ ነው።

የማሸጊያው ጥቁር ቀለምም ሆነ «ዳርክ» የሚለው ቃል ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ (ኮዴክስ) መሠረት አንድ ምርት ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ የካካዎ ይዘት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህም ውስጥ 18 በመቶው የካካዎ ቅቤ መሆን አለበት። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የተጠቀሰው «ሹገር» ከሆነ የሚገዙት ከምንም በላይ ስኳር መሆኑን ይገንዘቡ። በጥሩ ጥቁር ቸኮሌት ላይ ቀድሞ የሚገኘው «ኮኮዋ ማስ» ነው። በካካዎ ቅቤ ፈንታ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት ርካሽ ምርትም አለ፤ በጎርጎርዮሳዊው 2024 ማብቂያ የካካዎ ዋጋ በቶን ከ12,000 ዶላር በላይ ደርሶ ስለነበር ይህን ማጣራት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ከጤና አንጻር 70 በመቶና ከዚያ በላይ ካካዎ ያለውን መምረጥ ይመከራል። ይሁንና 100 ግራሙ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይልና 25 ግራም ገደማ ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢበዛ ይህን ያህል ቢሆን ይመረጣል ከሚለው የስኳር መጠን ጋር ይቀራረባል። በአልካሊ የታከመ ካካዎ ጠቃሚ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ብዙውን ያጣል። በ100 ግራም ውስጥ እስከ 80 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካፌይን ስለሚኖር ለሕፃናት በምሽት መስጠት ተገቢ አይደለም። ቸኮሌት የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ምትክ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት።

የሚጾሙ ወገኖች ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም ነው ብለው ሊገምቱ አይገባም። የወተት ዱቄት ወይም «ዌይ» የተባለው የወተት ተረፈ ምርት የገባበት ብዙ ነው። ሙስሊም ሸማቾችም ውስጡ የተሞላ ቸኮሌት ሲገዙ አልኮልና ጄላቲን አለመኖሩን ይመልከቱ።

በተደጋጋሚ ሰውን የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀን የጎርጎርዮሳውያን ነው። በእኛ አቆጣጠር 2018 ዓ.ም. ላይ ያለ ሰው «2024» የሚል ሲያነብ ገና ስድስት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ ምርቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። «04/2026» የሚል ከሆነ የሚያበቃው ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀንና ወሩ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጻፈ ካልገባዎ ሻጩን ይጠይቁ። ቀኑ የተፋቀ፣ የተሸፈነ ወይም በሌላ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ከሆነ አይግዙ።

ላዩ ነጣ ያለ ቸኮሌት ብዙውን ጊዜ ሻጋታ አይደለም። በሙቀት ቀልጦ ዳግም ሲረጋ ስቡ ወደ ላይ ይወጣል። መብላቱ ጉዳት ባይኖረውም በጉዞም ሆነ ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መስኮት ለሙቀት መጋለጡን ያመለክታል፤ ጣዕሙም ይቀንሳል። በቤት ውስጥ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከበርበሬና ከሌላ ቅመም ርቆ ይቀመጥ፤ ሽታ በቀላሉ ይስባል።

ጊዜው ያለፈበት ወይም የተበረዘ ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም ደረሰኝ መቀበልና ማሸጊያውን አለመጣል ያስፈልጋል። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት፣ የምግብ ደኅንነትን በተመለከተ ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።