ያልተመጣጠነ የጎማ መበላትን መንስኤ ስለ መለየትና የሾክ፣ የሞላና የባሌስትራ ቅያሪ ስለ መምረጥ

ጎማ በአገልግሎት ብዛት መበላቱ የሚጠበቅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ፣ በመሐሉ ብቻ ወይም በየቦታው እየጎደጎደ የሚበላ ከሆነ ግን በተሽከርካሪው ላይ ሌላ ብልሽት ወይም የአያያዝ ጉድለት ስለ መኖሩ ምልክት ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሲቃረብ አንዳንድ ባለንብረቶች የተበላውን ጎማ ብቻ በአዲስ ይተካሉ። መንስኤው ካልተወገደ ግን አዲሱም ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል። ከገንዘብ ኪሳራው በላይ በእርጥብ መንገድ ላይ መንሸራተትንና የጎማ መፈንዳትን ያስከትላል።

ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ጎማ ከመግዛታቸው በፊት መንስኤውን እንዲለዩ፣ ሾክ፣ ሞላ ወይም ባሌስትራ መቀየር ካስፈለገም ተገቢውን እንዲመርጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. የመበላቱ መልክ ምን ያመለክታል?

ተሽከርካሪውን በሜዳ ላይ ያቁሙ፤ መሪውን ወደ አንድ ወገን በማዞር የፊት ጎማዎችን ውስጠኛ ጠርዝ ጭምር ይመልከቱ። ውስጠኛው ጠርዝ ከውጭ ስለማይታይ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ሳይስተዋል ሊቆይ ይችላል።

ሀ) መሐሉ ብቻ የተበላ ጎማ፦ ነፋሱ ከተገቢው በላይ ሆኖ ቆይቷል።

ለ) ሁለቱም ጠርዞች የተበሉ ጎማ፦ ነፋሱ አንሶ ወይም ተሽከርካሪው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲሠራ ቆይቷል።

ሐ) አንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ ጎማ፦ የእግሩ አቋቋም ተዛብቷል። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ካምበር ይባላል፤ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት እርስ በርስ መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ደግሞ ቶ ይባላል። የካምበር ወይም የቶ መዛባት በአላይመንት ጉድለት፣ በቦኮላ መላላት ወይም በግጭት በተጣመመ ክፍል ምክንያት ይመጣል።

መ) እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ጎማ፦ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ በአብዛኛው የቶ መዛባት ነው። የወጣ ሽቦ ካለ ግን በእጅዎ አይንኩ።

ሠ) በዙሪያው እየጎደጎደ የተበላ ጎማ፦ የደከመ ሾክ አብዞርበር (በተለምዶ አሞርዛተር)፣ የባላንስ መዛባት ወይም የላላ ኩሽኔታ ያመለክታል። ሾክ ሲደክም ጎማው መንገዱን ለቆ እየነጠረ ስለሚወርድ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ይበላል፤ የፍሬን ማቆሚያ ርቀትም ይረዝማል።

ረ) አንድ ቦታ ብቻ ዝርግ የሆነ ጎማ፦ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይዞር መጎተቱን ያመለክታል።

በጎማው ጥርሶች መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩ ትናንሽ ጠቋሚዎች አሉ። ጥርሱ ከነዚህ ጋር ሲስተካከል የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጎማው መቀየር አለበት።

2. በቅደም ተከተል ይመርምሩ

ምርመራው ወጪ ከሌለው ወደ ወጪ ካለው ቢሄድ አላስፈላጊ ግዢን ያስቀራል።

በመጀመሪያ ነፋሱን ይለኩ። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በአሽከርካሪው በር አጠገብ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ለተሽከርካሪዎ የታዘዘው አይደለም። ልኬቱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ከመንቀሳቀስ በፊት ይደረግ። ከደጋ ወደ ቆላ ረጅም ጉዞ ሲደረግ ከፍታውም ሙቀቱም ስለሚለወጥ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይለኩ። ከጉዞ ከጋለ ጎማ ላይ ነፋስ አያስተንፍሱ።

ቀጥሎ ልቅነትን ይፈትሹ። ተሽከርካሪው በክሪክ ተነሥቶ በብረት መቆሚያ ላይ ሲያርፍ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ሊሆን ይችላል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ብቻ ከተንቀሳቀሰ በአብዛኛው የመሪ ቴስቲና ነው። የቦኮላዎች ጎማ መሰንጠቁም ይታይ። በክሪክ ብቻ ከቆመ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ለሕይወት አደገኛ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሾክና ሞላን ይመልከቱ። የተሽከርካሪውን አንድ ማዕዘን በኃይል ተጭነው ይልቀቁ፤ ወደ ላይ ተመልሶ ወዲያው ካልረጋና ደጋግሞ ከነጠረ ሾኩ ደክሟል። ይሁንና ይህን ፈተና ማለፉ ብቻ ሾኩ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። የሾኩ አካል በዘይት ርሶ ከተገኘ መቀየር አለበት፤ ስስ የዘይት ወዝ ብቻ ከሆነ በክትትል ሊቆይ ይችላል። ተሽከርካሪው ባዶውን ቆሞ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የደከመ ወይም የተሰበረ ሞላ፣ ወይም የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል ሊኖር ይችላል።

አላይመንት የሚሠራው በመጨረሻ ነው። ቴስቲናው ወይም ቦኮላው ልቅ ሆኖ ሳለ የተስተካከለ አላይመንት ከመጀመሪያው ጉድጓድ በኋላ ይዛባል። ለአብነት፣ የፊት ጎማው ውስጠኛ ጠርዝ የተበላበት ባለንብረት ቦኮላውን ሳይቀይር አላይመንት ቢያሠራና ሁለት አዲስ ጎማ ቢገዛ፣ ለአላይመንቱም ለጎማውም የከፈለው ገንዘብ ይባክናል።

3. ቅያሪ ሲመርጡ

የተሽከርካሪዎን አሠራር ይወቁ። እንደ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ አነስተኛ መኪኖች ፊት ላይ ሾኩና ሞላው በአንድነት የተገጠሙ ስለሆኑ ሾኩ ሲለወጥ የእግሩ አቋቋም ይነካል፤ አላይመንት ማሠራት ግዴታ ይሆናል። እንደ ሃይሉክስ ፒክአፕና ሃይኤስ ሚኒባስ ባሉት ከኋላ ያለው ባሌስትራ ነው።

በሻንሲ ቁጥር ይግዙ። ስማቸው አንድ የሆነ መኪኖች በተሠሩበት ዓመትና በሞተር ዓይነት የተለያየ ሾክና ሞላ ሊኖራቸው ይችላል። ሊብሬዎን ይዘው በመሄድ ዕቃው ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር መጣጣሙን ያረጋግጡ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

ጥንድ ጥንድ ይቀይሩ። የአንድ አክስል ግራና ቀኝ ሾክ ወይም ሞላ አብሮ ካልተቀየረ ተሽከርካሪው በፍሬንና በመታጠፊያ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ሊሳብ ይችላል። የሾኩ የላይኛው መቀመጫ ጎማ፣ የአቧራ መሸፈኛውና የመግቻ ጎማውም ካረጁ በዚያው ይለወጡ።

ለሥራው የሚስማማውን ይምረጡ። በዘይት ብቻ የሚሠራ ሾክ በከተማ ውስጥ በቀስታ ለሚነዳ መኪና ይበቃል። ጋዝ ያለበት ሾክ በኮረኮንች መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ኃይሉን እንዳያጣ ይረዳል፤ በትንሹ ግን ይጠነክራል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ይጠንቀቁ። ያገለገለ ሾክ ዘይት ያላፈሰሰ፣ ዘንጉ ያልዛገና ያልተቧጠጠ፣ ሲገፋና ሲሳብም ሳይቆራረጥ የሚከብድ መሆን አለበት። ያገለገለ ቦኮላ፣ ቴስቲናና ቦል ጆይንት ግን ቀሪ ዕድሜያቸው በዓይን ስለማይለይ ባይገዙ ይመረጣል።

ከፍታና ጭነት ለመጨመር ብለው አይቀይሩ። ረጅም ሞላ ወይም ማስነሻ ማስገባት ተሽከርካሪውን ለመገልበጥ ያጋልጣል፤ ካምበሩንና ቶውንም ስለሚያዛባ ጎማውን መልሶ ያስበላል። በባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመርም የተፈቀደውን የጭነት ልክ አይጨምርም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው የነበሩት ናቸውና። እንዲህ ያለ ለውጥ ከማድረግዎ በፊት ተሽከርካሪዎ የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት ያማክሩ።

4. በጋራዥ የሚጠየቁ ጉዳዮች

• ሞላውን ከሾኩ ማለያየት በተገቢው የሞላ መጭመቂያ ብቻ ይሠራ፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ሊገድል ይችላል።
• የቦኮላ ቡሎኖች የመጨረሻ ማጥበቅ የሚደረግባቸው ተሽከርካሪው በእግሩ ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።
• የባሌስትራ ማሰሪያ ቡሎኖች ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።
• ከአላይመንት በፊትና በኋላ የተወሰደውን ልኬት የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። ከመለኪያው ውጭ የቀረ ልኬት ካለ የተጣመመ ወይም የላላ ክፍል መኖሩን ስለሚያመለክት ምክንያቱ ይገለጽልዎ።

ማሳሰቢያ፦ አዲስ ጎማ የሚገጠመው ነፋስ፣ ልቅነት፣ ሾክና አላይመንት በዚህ ቅደም ተከተል ከታዩ በኋላ ነው። ከተገጠመም በኋላ በየወሩ ነፋሱን ይለኩ፤ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በአምራቹ መመሪያ መሠረት የፊትና የኋላ ጎማዎችን ያቀያይሩ፤ የጥርሱንም መልክ ይመልከቱ። በአንድ ወገን መበላት የጀመረ ጎማ በጊዜ ከታየ የሚጠይቀው አነስተኛ ጥገና ነው፤ ችላ ከተባለ ግን የአሽከርካሪውን፣ የተሳፋሪውንና የእግረኛውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።